ኢሚግሬሽኑ ሲርቅ፦ ቼንግ ዋታናን በአንድ ጉዞ መጨረስ

ባንኮክ ብዙ የቆየ የውጭ ሰው «ድሮ ኢሚግሬሽኑ ሱዋን ፕሉ እያለ» ብሎ ወሬ ሲጀምር ብትሰሙ አትገረሙ። እኔም አንዷ ነኝ። እስከ 2009 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የከተማዋ ኢሚግሬሽን ሳቶን ውስጥ፣ ሱዋን ፕሉ የምትባል መንገድ ላይ ነበር። መሀል ከተማ ማለት ነው። ከሥራ ትንሽ አስፈቅዶ ሄዶ፣ ማህተም አስመትቶ ለከሰዓት ክፍለ ጊዜ መድረስ ይቻል ነበር። ከዚያ ቢሮው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ወጣ። አሁን ያለው ላክሲ ወረዳ፣ ቼንግ ዋታና መንገድ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ፣ ሕንፃ ቢ ነው። ከድሮው ቦታ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዶን ሙዋንግ ኤርፖርት ከዚያ ቅርብ ነው።

20 ኪሎ ሜትር አንዴ ከሄዱት ምንም አይደለም። በአንዲት ኮፒ ምክንያት በማግስቱ ሲደግሙት ግን ያንገበግባል። አዲስ የሚመጡ የኛ ልጆች ሲደውሉልኝ ስለ መንገዱ ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ነው የማወራቸው። መንገዱ ቀላል ነው፣ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ኦን ኑት ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በሥራ ቪዛ ላይ ካለ ሰው ዓይን ነው። በትዳር ወይም በጡረታ ለምትኖሩ የሚለየውን በየቦታው ጣል አደርጋለሁ።

መጀመሪያ፦ የትኛው ጉዳይ እናንተን ይፈልጋል?

ብዙ ሰው ለማያስፈልግ ነገር ነው ቼንግ ዋታና የሚመላለሰው። በአካል መገኘት ግድ የሚሆንበት ዋናው ጉዳይ የቪዛው የዓመት ማራዘሚያ ነው። ቅጹ ቲኤም 7 ይባላል፤ ክፍያው 1,900 ባት ነው። እሱን ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም፤ ፊታችሁን ማየት ይፈልጋሉ።

የ90 ቀኑ ሪፖርት ግን ሌላ ነው። ታይላንድ ውስጥ ሳትወጡ 90 ቀን ከቆያችሁ የምትኖሩበትን አድራሻ ማሳወቅ አለባችሁ። ቅጹ ቲኤም 47 ነው፤ ክፍያ የለውም። ይህን ለማድረግ አራት መንገድ አለ። ራሳችሁ መሄድ፣ ሰው መላክ፣ በሪኮማንዴ ፖስታ መላክ፣ ወይም በኢንተርኔት መሙላት። እኔ በኢንተርኔት ነው የምሞላው። ገጹ አንዳንድ ቀን ይለግማል፤ በማግስቱ ስትሞክሩት ይሠራል። ለዚህ ነው እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ የምለው። በኢንተርኔት የሚሞላው ቀኑ ከመድረሱ 15 ቀን ጀምሮ እስከ 7 ቀን ሲቀረው ድረስ ነው። በአካል ለሚሄድ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት ጀምሮ ቀኑ ካለፈ እስከ 7 ቀን ድረስ ይቀበላሉ። ከዚያ ካለፈ 2,000 ባት ቅጣት አለው። በፖስታ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ላኩት፤ 15 ቀን ሳይቀረው ቢደርስ ጥሩ ነው። ቴምብር የተለጠፈበትና አድራሻችሁ የተጻፈበት የመመለሻ ፖስታ አብራችሁ ክተቱ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ደግሞ አትጣሉት።

የመጀመሪያውን ሪፖርት ግን በአካል ሂዱ። ፓስፖርት ከቀየራችሁም እንደዚያው፤ አዲሱን ቁጥር መዝገባቸው አያውቀውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሶፋችሁ ሳትነሱ ትጨርሱታላችሁ።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። ከአገር በወጣችሁና በገባችሁ ቁጥር የ90 ቀኑ ቆጠራ ከአንድ ይጀምራል። አስተማሪ የሆናችሁ አስቡት። የታይ ትምህርት ቤት ትልቁ ዕረፍት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥቅምት ላይም አጭር ዕረፍት አለ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ከመጣችሁ የቆጠራው ቀን ይለወጣል። እኔ ቀኑን ስልኬ ላይ የማስገባው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ማህተሙ እንደተመታ ነው። ቤት እስክገባ አልጠብቅም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር፦ ዓመቱን አራዘምኩ ማለት 90 ቀኑን ሪፖርት አደረግኩ ማለት አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ለማራዘሚያ በምትሄዱበት ቀን የ90 ቀኑም ሪፖርት ጊዜው ደርሶ ከሆነ በዚያው ጨርሱት፤ ቅጹን ቤት ሞልታችሁ ሂዱ።

የሪኢንትሪው ነገር

ይሄ ለእኛ ፓስፖርት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የዓመት ማራዘሚያ ይዛችሁ ያለ ሪኢንትሪ (ወጥቶ የመመለሻ) ፈቃድ ከታይላንድ ከወጣችሁ ማራዘሚያው ይሞታል። ስትመለሱ እንደ አዲስ ሰው ናችሁ። የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ባልደረባችሁ ተመልሶ ገብቶ ሌላ መላ ሊፈልግ ይችላል። የኛ ሰው ግን ለአዲስ ቪዛ ብዙ መንከራተት ይጠብቀዋል።

ቅጹ ቲኤም 8 ነው። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት። በዓመት አራት ጊዜ ካልወጣችሁ የአንዱ ይበቃችኋል፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ዋናው ነገር ግን ለእሱ ብላችሁ ቼንግ ዋታና ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ውስጥ በምትበሩበት ቀን የሚሰጥበት ቦታ አለ። ፎቶ፣ የፓስፖርት ኮፒና ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ድረሱ። እናት ታመመች ተብሎ ድንገት ለሚሄድ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን ማራዘሚያውን በወሰዳችሁበት ቀን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አውጡት። ኤርፖርት ላይ ልብ አይሰቀልም።

የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ደግሞ ከፓስፖርቱ አትለዩት። ከኢትዮጵያ ስትመለሱ ወደ ኢሚግሬሽኑ መስመር ከመግባታችሁ በፊት የጤና ቁጥጥር ይጠይቃችኋል።

ወረቀቱ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሰው ከቼንግ ዋታና ባዶ እጁን የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሕጉን ሳያሟላ ቀርቶ አይደለም። አንድ ገጽ ጎድሎት ነው፣ ወይም ስሙ ከወረቀት ወረቀት ተለያይቶበት ነው።

ስም ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ስም እዚህ አገር ፈተና ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቀመጣል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ታይ ናት፤ ሦስቱ ስም ይረዝምባትና አንዱን ትተወዋለች። የሥራ ፈቃዱ ላይ ሦስቱም አለ፣ ደብዳቤው ላይ ሁለቱ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የአባትና የአያት ቦታ ተለዋውጧል። ለባለሥልጣኑ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የፓስፖርት ቁጥሩንም እንዲሁ። «በኋላ አየዋለሁ» አይባልም፤ ፈራሚው ርዕሰ መምህር በማግስቱ ስብሰባ ላይ ነው።

ቤተሰብ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ባልና ሚስት ስማቸው አይገናኝም። የልጁ «ቤተሰብ ስም» የተባለው የአባቱ አባት ስም ነው፤ አባትየው ጋ ደግሞ ያ ቦታ ላይ ሌላ ስም አለ። ይህን ወረፋ ላይ ቆሞ በእጅ ምልክት ማስረዳት አይሞከርም። አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ያደረጉት ደስ ብሎኛል። የኢትዮጵያ ስም አሰጣጥ እንዴት እንደሆነ በታይኛ አንድ አንቀጽ አስጽፈው፣ የአባትን፣ የእናትንና የልጁን ስም በቀስት አገናኝተው ከጋብቻና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አያያዙት። የሚነበበው በአንድ ደቂቃ ነው። ምስክር ወረቀቶቹን አዲስ አበባ ሳላችሁ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ኑ። እዚህ ሆኖ ያንን ማስጨረስ ማለት ዘመድ ማስቸገር ነው።

ቀጥሎ ኮፒ። ከፓስፖርቱ የፎቶው ገጽ፣ ቪዛው፣ የመጨረሻው ማራዘሚያ፣ የመጨረሻው የመግቢያ ማህተም። የ90 ቀኑ ደረሰኝ። የቲኤም 30 ደረሰኝ፤ እሱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ። የሥራ ፈቃዱ፣ የተጻፈባቸው ገጾች ሁሉ። እያንዳንዱ ኮፒ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈርሙ። ጥቁር ከሆነ ዋናው ይሁን ኮፒ አይለይም። 4 በ6 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ሁለት ሦስት ያዙ። እኔ ከሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ አደርጋለሁ፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ሕንፃው ውስጥ ኮፒ ቤትና ፎቶ ቤት አለ፣ ችግር የለም። ግን ኮፒ ቤቱም ወረፋ አለው፤ እዚያ ቆማችሁ የራሳችሁ ተራ ቁጥር ሊያልፍ ይችላል።

ፓስፖርቱ የሚያልቅበትን ቀን እዩ። ማራዘሚያ ከፓስፖርቱ ዕድሜ አያልፍም። ስምንት ወር የቀረው ፓስፖርት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስምንት ወር ነው የሚሰጣችሁ፤ ከዚያ አዲሱን ይዞ እንደገና መሄድ ነው። የኛ ፓስፖርት እድሳት ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

በገንዘብ ለሚያራዝሙ፦ ለጡረታ 800,000 ባት ባንክ ውስጥ፣ ወይም በወር 65,000 ገቢ ይጠየቃል፤ ታይ ሴት ላገባ ወንድ 400,000 ባት። የባንኩን ደብዳቤ በዚያው ሳምንት አውጡት። የባንክ ደብተሩ ደግሞ የዚያኑ ቀን መታደስ አለበት። ዘዴው ቀላል ነው። ጠዋት ማሽን ላይ 100 ባት አስገቡና ደብተሩን አሳትሙት፤ የዛሬ ቀን ያለበት መስመር ይወጣላችኋል። በትዳር የሚያራዝም ሰው ግን ከሁለት ጉዞ አያመልጥም። መጀመሪያ «በመታየት ላይ» የሚል የ30 ቀን ማህተም ነው የሚመቱለት፤ ውጤቱን ለመውሰድ ይመለሳል። እሱን አስቀድሞ ማወቅ ብስጭት ያቀላል።

ደረሰኝ ላይ 2568 የሚል ዓመት ካያችሁ አትደንግጡ። ታዮች በቡድሃ ዘመን ነው የሚቆጥሩት፤ በፈረንጆቹ ላይ 543 ይደመራል። 13 ወር እየቆጠረ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነው።

መንገዱ

ድሮ ሞ ቺት የሚባል ጣቢያ ድረስ በቢቲኤስ (ከመንገድ በላይ በሚሄደው የከተማው ባቡር) ሄደን ከዚያ ታክሲ ነበር የምንይዘው። ታክሲው ቪፓዋዲ መንገድ ላይ ተገትሮ ቆጣሪው ሲቆጥር መመልከት ነው። አሁን ግን ባቡሩ ራሱ ደርሷል። ቢሮው ሄዶ መንገዱ ከ14 ዓመት በኋላ ተከተለው።

ከሱኩምቪት በኩል የምትመጡ ወደ ኩ ኮት የሚሄደውን ቢቲኤስ ያዙ። ዋት ፕራ ሲ ማሃታት ላይ ውረዱ። እዚያ ወደ ሮዙ መስመር ተሻገሩ፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በመደበኛ ሥራ ላይ ነው። ወደ ኖንታቡሪ የሚሄደውን ይዛችሁ አራተኛው ጣቢያ የመንግሥት ግቢው ነው። በሰማያዊው ኤምአርቲ (የምድር ውስጥ ባቡር) አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ባንግ ሱ ላይ ቀዩን ባቡር ይዛችሁ ላክሲ ውረዱ፤ ሮዙ መስመር እዚያም ያልፋል። ከጣቢያው እስከ ሕንፃ ቢ ድረስ ገና መንገድ አለ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ እሄዳለሁ አትበሉ፤ ላባችሁ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱትን የሞተር ታክሲዎች «ቶ ሞ» በሏቸው፣ የኢሚግሬሽን አጭር ስም ነው፣ ይገባቸዋል። ከኦን ኑት ከቤት እስከ ወንበሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ቢሮው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 10፡30 ነው። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ምሳ ነው። ከመከፈቱ በፊት የደረሰ ሰው ከምሳ በፊት የመጨረስ ተስፋ አለው። 5 ሰዓት ላይ የደረሰ ምሳውን እዚያ ይብላ። ሰኞንና ከበዓል ማግስት ያለውን ቀን ተዉት። የታዮች አዲስ ዓመት ሶንግክራን ሚያዝያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል ከ13 እስከ 15 ነው፤ ቪዛችሁ በዚያ ሰሞን የሚያልቅ ከሆነ ቀድማችሁ ሂዱ። ማራዘሚያውን ከማለቁ 30 ቀን በፊት ጀምሮ ይቀበላሉና መጨረሻው ሳምንት ድረስ የሚያቆይ ምክንያት የለም። ካለፈ በቀን 500 ባት ነው፣ እስከ 20,000 ይደርሳል። ከገንዘቡ በላይ ግን መዝገቡ ላይ የሚቀረው ነው መጥፎው።

አለባበስ ላይ አንድ ቃል፦ ቁምጣና ካናቴራ አይሁን። ለቀበሌ እንደምትሄዱት ሳይሆን ለባንክ ብድር እንደምትሄዱት ልበሱ።

ምግብ ቤቱ ሕንፃው ውስጥ ነው፣ ርካሽ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና የምትጾሙ ከሆነ «ጄ» የሚለውን ቃል ያዙ። ቢጫ ላይ በቀይ ተጽፎ የሚሰቀለው ማለት ነው። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ የዓሣ መረቅም የለበትም። ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም፤ እሱ ለኛ ትንሽ ይበዛል። ከሌለ ደግሞ ሙዝ በቦርሳ።

ቤት ስትከራዩ

ኢሚግሬሽኑ የሚርቀው እሱ ሲዛወር ብቻ አይደለም። እናንተም ስትዛወሩ ይርቃል። የምትሄዱት በምትኖሩበት ክፍለ ሀገር ወዳለው ቢሮ ነው። ቢቲኤስ ከ2017 ጀምሮ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ሳሙት ፕራካን ውስጥ ገብቷል። ሳምሮንግ አካባቢ ኪራይ ይረክሳል፣ ባቡሩም ያው ነው፣ ባንኮክ ያላችሁ ይመስላችኋል። አድራሻችሁ ግን ሳሙት ፕራካን ነው፤ ቼንግ ዋታና አይቀበላችሁም፣ የክፍለ ሀገሩ ቢሮ ነው የሚመለከታችሁ። ይሄ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ብቻ ውል ከመፈረም በፊት ይታወቅ።

ቲኤም 30 የሚባለውም ከቤት ጋር ነው። አከራዩ የውጭ ሰው ቤቱ ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያሳወቀበት ደረሰኝ ከሌላችሁ ማራዘሚያው መስኮት ላይ ትቆማላችሁ። ስለዚህ ቁልፉን ስትቀበሉ «ቲኤም 30 መቼ ታስገቡልኛላችሁ?» በሉ። የሚያንገራግር አከራይ ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ የባንኮክ ኮንዶ ሞልቷል። ከ2020 ወዲህ በሪኢንትሪ ወጥቶ ወደዚያው አድራሻ የተመለሰ ሰው እንደገና ማሳወቅ አይጠበቅበትም።

ጉዳይ አስፈጻሚ

ለ90 ቀን ሪፖርት ሰው መክፈል ሕጋዊ ነው፤ የሥራ ቀን ከሚቀንሱባችሁ ያዋጣ ይሆናል። ለማራዘሚያ ደግሞ ወረቀት የሚያዘጋጅላችሁና አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ እሺ። ግን «ባንክ ውስጥ ገንዘብ ባይኖርህም እኔ አስገባልሃለሁ»፣ «አንቺ አትምጪ፣ ፓስፖርቱን ብቻ ላኪ» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። ማህተሙ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ የሚታሰረው ፓስፖርቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቦታው እንዳልተለወጠ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የማራዘሚያው ሥራ ለጊዜው ወደ ሙዋንግ ቶንግ ታኒ ሄዶ ነበር። ቺያንግ ማይም ቢሮው ለተወሰኑ ዓመታት ፕሮሜናዳ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከርሞ ተመልሷል። ዓምና የሄደ ጓደኛ የሚነግራችሁ የዓምናውን ነው።

ፓስፖርቱ ሲመለስላችሁ ደግሞ ከወንበሩ አትነሱ። ማህተሙ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ፤ ወሩ ትክክል ነው? ዓመቱስ? ሪኢንትሪው ላይ የአንድ ጊዜ ነው የብዙ ጊዜ? ስህተት ካለ እዚያው መስኮት ላይ ወዲያው ይስተካከላል፤ ቤት ከተገባ በኋላ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ከዚያ ገጹን በስልክ አንሱትና ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ላኩላት። የሥራ ፈቃዱን የምታራዝመው በእሱ ቀን ነው።